መርፌው ነው ብለን

ጥቅምት 8

ጭራሮዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ሰላምታው ይቅደም፣ ወቀሳው ከኋላ ይደርሳል። እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ደህና ነው፣ የስፌት መኪናዬ ደህና ነች፣ ጣሪያውም ዘንድሮ አላፈሰሰም። ከቤቱ ውስጥ የተበላሸሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔም አሁን ተጠግኛለሁ።

መጀመሪያ ስለ ጠመኔው። የላክሽው ደርሶኛል፣ እጅሽ ይባረክ፣ ያሰብሽው ይሙላልሽ። እዚህ የሚሸጠው የልብስ ጠመኔ ድንጋይ በይው፤ ጨርቁን ይቧጭራል እንጂ አይጽፍም። ያንቺ ግን ልስልስ ያለ ነው፤ ጥቁር ሱፍ ላይ አንዴ ሳብ ሳደርገው ፍንትው ይላል። ሱቁ ውስጥ የሚገባ የሚወጣው ብዙ ስለሆነ ጠረጴዛ ላይ አልተወውም። ከሱቁ ቁልፍና ከሳንቲሜ ጋር ጡት ማስያዣዬ ውስጥ ነው የሚውለው። ባለቤቴ «ዛሬም መጋዘንሽ ሞልቷል» እያለ ይስቅብኛል።

አሁን ስለ ትከሻዬ። ቀኝ ክንዴ አልነሳ እንዳለኝ ባለፈው ነግሬሻለሁ። ጸጉሬን ማበጠር ተስኖኝ፣ ቀሚሴን እንኳ ባለቤቴ ነበር የሚያወልቅልኝ፤ በሃምሳ ሦስት ዓመቴ አዲስ ሙሽራ መሰልኩልሽ። መቀስ መያዝ ብቻ ሲቀር ሁሉን ነገር በግራ እጄ ለመድሁ። በመጨረሻ አጥንት ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ዞር ዞር አድርጎ አየኝና «ትከሻሽ ተቆልፏል» አለኝ። «ቁልፉስ ወዴት አለ?» ብለው፣ ክንድ የሚያህል መርፌ መዘዘ! መድኃኒቱ ስቴሮይድ ይባላል አለኝ። ሁለት ቀን አመመኝ፣ ከዚያ እየላላ እየላላ መጣ። ይኸው ዛሬ ጨርቅ ከላይኛው መደርደሪያ አወርዳለሁ። ባለቤቴ ላይም እጄን ማወናጨፍ ጀምሬያለሁ።

ለምን በስልክ እንዳልነገርኩሽ ታውቂያለሽ። የኛ ቤት ስልክ ሬዲዮ ነው። ባለቤቴ ጆሮው ስለከበደ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይለቀዋል፤ ቀሚስ ሊለካ የመጣው ሁሉ ቆሞ ያዳምጣል።

ከቻልሽ አጫጭር ጥቁር ዚፕ ላኪልኝ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ተቀብያለሁ፤ የልጆች ሱሪ ዚፕ አይጠግብም።

በርቺልኝ፣ ክፉ አይንካሽ።

ልብስ ሰፊዋ የአክስትሽ ልጅ


ኅዳር 2

እታለም፣

ክንድሽን የፈታልሽ ፈጣሪ ዕድሜሽንም እንዲሁ ያርዝምልኝ። ደብዳቤሽን ያነበብኩት በምሳ ሰዓት ነው፣ ልብስ ማጠቢያው ቤት፣ የሆቴል አንሶላ ክምር ላይ ተቀምጬ። «ቁልፉስ ወዴት አለ» ያልሽው ጋ ስደርስ ብቻዬን ስስቅ አለቃዬ ያበድኩ መስሏት ብቅ ብላ አየችኝ።

እኔ ደህና ነኝ። ሥራው ያው ነው፤ አንሶላ ይመጣል፣ አንሶላ ይሄዳል። ሌላው ተኝቶበት እኛ ደከምንበት። ጉልበቴ ትንሽ ያስቸግረኛል፤ ቆሞ መዋል ነው፣ ተዪው።

ዚፑን ልኬልሻለሁ። ከጎኑ ክርም አለበት፤ ቀለሙን መርጬ ነው፣ ብትነቅፊው እቀየምሻለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ልበልሽ፣ እንዳትቆጪኝ። ጤና ጣቢያው የጡት ራጅ መሣሪያ አስገብቶ ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆናችሁ ሴቶች ኑ እያለ ነው ብለሽኝ ነበር። ሄድሽ? የቀረሽው ክንድሽ አልነሳ ብሎ ከሆነ አሁን ተነስቶልሻል። ለምን እንደምጠይቅሽ ታውቂያለሽ። የእናትሽ ነገር ሁልጊዜ በሆዴ አለ። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ያሳደግሽኝ ጭራሮሽ። አሁን ግን ጭራሮ መስዬሽ እንዳትሸወጂ፤ ብታዪኝ ግንድ ነው የምትይኝ።


ታኅሣሥ 6

ግንዴ ልበልሽ እንግዲህ፣

ሰላም ላንቺ፣ ለጉልበትሽ፣ ለአንሶላሽም ሁሉ። ዚፑ ደርሷል። ክሩን አልነቀፍኩም፣ ደስ ይበልሽ።

እሺ ብዬ ሄድኩልሽ። ዩኒፎርም እየቆረጥኩ ነበር፤ ባለቤቴ «ሰዓቱ ደርሷል» ሲለኝ መቀሴን ጥዬ፣ ሽርጤን ፈትቼ በዚያው ሮጥኩ። ራጅ የምታነሳዋ ልጅ ትሕትናዋ ለጉድ ነው። «እማማ፣ ዛሬ የተቀቡት ነገር አለ? ዱቄት፣ ቅባት፣ የብብት ሽቶ?» አለችኝ። «ልጄ፣ እኔ ሳሙና ከደረሰኝ ይበቃኛል፤ ምንም አልተቀባሁም» አልኳት። እውነቴን ነው። ጡት ማስያዣዬን ከነጓዙ አውልቄ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩና ቀረብኩ።

መሣሪያው ምን መሰለሽ? ሙቀት የሌለው ካውያ ነው። በሁለት ጠፍጣፋ ነገር መሐል አስገብታ ትጫነዋለች። ያማል፣ ግን ቶሎ ያልፋል። «ክንድዎን ወደ ላይ ዘርግተው መያዣውን ይያዙ» ስትለኝ ሳይቸግረኝ ዘረጋሁላት። ያን ጊዜ የአጥንት ሐኪሜን መረቅሁት።

በሳምንቱ ጠሩኝ። ቀኝ ጡትዎ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ታይቷል፣ ተጨማሪ ራጅ እናንሳ አሉኝ። ጭራሮዬ፣ ተቀመጪ ሳይሉኝ ተቀመጥኩ።

ቤት ስገባ ግን አሰብኩበት። የተወጋሁት ቀኝ ትከሻዬን ነው። ነጠብጣቡም ቀኝ ጡቴ ላይ። ከትከሻ እስከ ጡት ስንት ስንዝር ነው? ያ መድኃኒት ወርዶ ወርዶ እዚያ ቢጠራቀምስ? መርፌው ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል! አንቺ ያለሽበት አገር ሐኪሙ ብዙ ነው። ጠይቂልኝ፤ ስቴሮይድ የተወጋ ሰው የጡት ራጁ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ይወጣበታል ወይ? መልስሽ እስኪመጣ አልሄድም። መርፌው ከሆነ ምን በወጣኝ ደግሜ የምጨመቀው?

ለባለቤቴ አልነገርኩትም። ሆድ ይፍጀው።

የአክስትሽ ልጅ


ጥር 1

እታለም፣

ደህና ነሽ ወይ? ጤናሽን አብዝቶ ይስጥልኝ። እዚህ ብርዱ ለጉድ ነው፤ በመስኮቱ በኩል ያለው የውሃ ቧንቧ በበረዶ ተደፍኖ ሁለት ቀን ሥራ ፈታን። አዲስ የአንሶላ ማጠፊያ መሣሪያ ገብቷል። እኛ ከጫፍ እናስገባለን፣ እሱ አጥፎ ያወጣል፤ አለቃዬ እንደ አዲስ ልጅ ነው የምታቆላምጠው። አንድ ቀን ሻርፔን ይዞ ሊበላኝ ነበር።

የሸሚዝ ቁልፍ ልኬልሻለሁ፤ ነጭም ሰማያዊም አለበት። ለዩኒፎርሙ ይሆንሽ ይሆናል።

የጠየቅሽኝን ነገር እጠይቃለሁ። ሥራ በዝቶብኝ ነው። መርፌውም ሊሆን ይችላል እኮ፣ ሰው ምን ያውቃል? ብዙ አታስቢ። ማሰብ ራሱ ያሳምማል።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ።

ጭራሮሽ


ጥር 20

ጭራሮ፣

ጤና ይስጥሽ።

ቁልፍ አልጠየቅሁሽም። መልስ ነው የጠየቅሁሽ።

ስለ ቧንቧው ሰማሁ፣ ስለ መሣሪያው ሰማሁ፣ ስለ ሻርፕሽም ሰማሁ። የኔን ነገር ከታች በመስመር ተኩል ጠቅልለሽው አየሁ። አንቺ ነገር ስትሸሽ እንዴት እንደምታወሪ አላውቅም? በልጅነትሽ ብርጭቆ የሰበርሽ ቀን ስለ ጎረቤት ድመት ነበር የምታወሪልኝ።

ከጤና ጣቢያው ሁለት ጊዜ ደወሉ። ባለቤቴ ነው ያነሳው። ማን ነው ሲለኝ «ጋዋን ሊያሰፉ ነው» አልኩት። የቀጠሮው ቀን አለፈ። አንቺ መርፌውም ሊሆን ይችላል ብለሻል፣ ልቤም እሱን አጥብቆ ይዟል። ሥራ ላይ ግን ሐሳቤ የለም። ትናንት የአንዱን ልጅ ሸሚዝ ሁለቱንም እጅጌ ግራ አድርጌ ሰፋሁት፤ ለብሶ ሲወጣ እናቱ ሳቀች፣ እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም።

ምንም አትላኪልኝ። መልሱን ብቻ ጻፊልኝ።

የአክስትሽ ልጅ


የካቲት 14

እታለሜ፣

ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ሱቁን ዝጊው። ፈጣሪ ልብሽን ያጽናልኝ፣ እኔንም ይማረኝ።

ጠየቅሁ። ሐኪም ፊት ተቀምጬ፣ አንድም ሳልቀንስ የጻፍሽልኝን ነገርኩት። መርፌው አይደለም አለኝ። ትከሻ መገጣጠሚያ ውስጥ የተወጋ ስቴሮይድ ሥራው እዚያው ትከሻ ላይ ነው፤ ወርዶ ጡት ላይ ነጭ ነጠብጣብ አይስልም አለ። የተወጋሽበት ቦታ ቢበልዝ ወይም ቆዳው ቢለወጥ፣ ብብትሽ አካባቢ ያበጠ ነገር ቢኖር፣ ራጁን የሚያነቡት እንዳይሳሳቱ መወጋትሽን ንገሪያቸው ብሎሻል። መንገር ነው እንጂ መቅረት የለም። «መርፌ ተወግቻለሁ ብሎ ከምርመራ የሚቀር ሰው፣ ዘነበ ብሎ ጣሪያውን እንደማያስጠግን ሰው ነው» አለኝ።

ሌላም ነገር ብሏል፣ ይህን ሁለት ጊዜ አንብቢው። ተጠራሽ ማለት ታመምሽ ማለት አይደለም። ተመልሰው ከሚጠሩት ሴቶች አብዛኞቹ ምንም አይገኝባቸውም። ነጠብጣቡ ምን እንደሆነ ግን አይቶ ነው እንጂ ከሩቅ ሆኖ ማንም ሊነግርሽ አይችልም፤ እሱም፣ እኔም፣ አንቺም።

ይህን መልስ ካገኘሁ ቆይቻለሁ። መጻፍ አቃተኝ። «መርፌውም ሊሆን ይችላል» ያልኩሽ ምንም ሳላውቅ ነው፤ እንዳታለቅሺብኝ ብዬ ነው። አሁን ግን ዝም ብል ይጸጽተኛል።

አክስቴ ደረቷን በሻርፕ ሸፍና ስትውል ትዝ ይልሻል? ምን ሆነሽ ነው ስንላት «ብርድ ነው» ትለን ነበር። ልብሷን ስትቀይር በር ትዘጋለች፤ ብርድ ነው። ማጠብ ስትተው፣ መተኛት ስታበዛ፣ ብርድ ነው። አንቺ ያንን በር ከፍተሽ የገባሽ ቀን ጊዜው አልፎ ነበር። ብርድ አልነበረም እታለም። ካንሰር ነበር። ይኸው ጻፍኩት፣ በቤታችን ማንም ጠርቶት አያውቅም። እሷ «ብርድ ነው» አለች፣ አንቺ ደግሞ «መርፌው ነው» እያልሽ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን እየሰማሁ ያደግሁት ካንቺ አፍ ነው።

ካሳደግሽኝ፣ ከወደድሽኝ፣ ሂጂልኝ። እናት አንዴ ሞታብኛለች፣ ሁለተኛ አይችለኝም።

ጭራሮሽ


መጋቢት 25

እታለም፣

ሰላምሽን ይስጠኝ። መልስሽ ቀረብኝ። የፖስታ ሳጥኑን በጧት አየዋለሁ፣ ከሥራ ስገባ ደግሞ አየዋለሁ፤ አከፋፋዩ ሰውዬ ሲያየኝ ከሩቁ ራሱን መነቅነቅ ጀምሯል። ስልክ ደወልኩ። ባለቤትሽ «ሥራ ላይ ናት፣ ደህና ናት» አለኝ፤ ከጀርባው የስፌት መኪናሽ ስትሮጥ ይሰማኛል፣ አንቺ ግን አልመጣሽም።

ተቀየምሽኝ? እናትሽን ያነሳሁት ክፉ አስቤ አይደለም። ስደቢኝ ከፈለግሽ። በስድብሽ ውስጥም ደህና መሆንሽን አውቃለሁ። ዝምታሽን ግን አልቻልኩትም።

ጭራሮሽ


ሚያዝያ 9

ጭራሮዬ፣ የእናቴ ልጅ፣

ሰላምታው ይቆየን፣ አንዴ ልንገርሽ። ደህና ነኝ! ምንም የለብኝም! ይኸው ትልቅ አድርጌ ጻፍኩልሽ፣ አሁን እፎይ በይና ታሪኩን ከሥሩ ስሚ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ቀን ተናደድኩ። ያቺ ቃል፣ ያቺ ያልጠራናት፣ በጽሑፍሽ ላይ ስትጠብቀኝ ወረቀቱን አጣጥፌ የስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ልሰድብሽ ብዕር አነሳሁ፣ የምሰድብሽ አጣሁ። እውነት ነዋ! እናቴን ያጠብኳት እኔ ነኝ። ብርድ እንዳልነበር የማውቀው እኔ ነኝ። ሳምንት ሙሉ መሳቢያውን ስከፍት ስዘጋ፣ ጨርቅ ሳበላሽ ሰነበትኩ። ስትደውዪ ያልመጣሁት ድምፅሽን ከሰማሁ እንደማለቅስ ስለማውቅ ነው፤ ሱቅ ሙሉ ሰው ፊት።

በመጨረሻ ለባለቤቴ ልንገረው አልኩ። በለሆሳስ ጀመርኩ። «ምን?» አለኝ። ጠጋ ብዬ ደገምኩለት። «ምን አልሽ? የምን ራጅ?» ትዕግሥቴ አለቀ፤ «የጡቴን! ቀኝ ጡቴን! ተጠርቼ ቀርቻለሁ! ፈርቼ!» ብዬ ጮህኩ። ሱቁ ውስጥ ሁለት ሴቶች ነበሩ፣ አንዷ ቀሚስ ስታስለካ በስፒል ተይዛ፣ ክንዷን ዘርግታ እንደቆመች። እሱ ሜትሩን ከአንገቴ ላይ አወለቀና «ተነሽ» አለኝ። ይህን ያህል ዓመት ስንኖር እንዲህ ሲያዘኝ የመጀመሪያው ነው። በስፒል የተያዘችው ሴትዮ ደግሞ «እኔም አምና ተጠርቼ ነበር፤ ምንም አልሆነ። ሂጂ፣ ቀሚሴ ይደርሳል» አለችኝ። እሷን እዚያው ስፒል ውስጥ ትቻት ከባለቤቴ ጋር ወጣሁ ብልሽ ታምኛለሽ?

ያቺው ትሑት ልጅ ናት የተቀበለችኝ። ለምን ቀሩ አላለችኝም። መጀመሪያ የመርፌዬን ነገር ነገርኳት፣ እንደነገርሽኝ። መዘገበችና ትከሻዬን አየችው። «ጥሩ አደረጉ መንገርዎ። ግን ይሄ ነጠብጣቡን አያመጣም» አለች፤ ያንቺው ሐኪም ቃል። መርፌውን ከወሰዱብኝ ምን ቀረኝ?

ልብሴን አወለቅሁ። ጡት ማስያዣዬን ሳነሳ ቁልፉ ወደቀ፣ ሳንቲሙ ወደቀ፣ ጠመኔው ወደቀ። ልጅቷ ጎንበስ ብላ አነሳችልኝና ጣቷን አየችው። ነጭ። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። «እማማ፣ ይሄን ሁልጊዜ እዚህ ነው የሚይዙት?» አለችኝ። «እና የት ልያዘው?» አልኳት። መብራቱን አስጠግታ ከጡቴ ሥር ያለውን እጥፋት አሳየችኝ። ላብ ያጣበቀው ነጭ ብናኝ፣ ጨርቅ ላይ እንዳለው መስመር! «ምንም አልተቀባሁም ብለውኝ ነበር እኮ» አለችኝ። አልተቀባሁማ! ጠመኔ ማን ይቀባል?

በእርጥብ ጨርቅ አጥባ አጥባ፣ አድርቃ፣ እንደገና አነሳችኝ፣ አጉልታም አነሳችኝ። ራጁን የሚያነበው ሐኪም የድሮውንና የአሁኑን ጎን ለጎን ሰቅሎ ጠራን። በድሮው ላይ ነጠብጣቡ ተዘርቷል፣ በአዲሱ ላይ አንድም የለም። እንዲህ ያለ ዱቄት ቆዳ ላይ ሲቀመጥ በራጁ ላይ ልክ ጡት ውስጥ እንዳለ ነጭ ሆኖ ይወጣል አለን። ለዚህ ነው ዱቄትና ሽቶ እንዳትቀቡ የሚሉት። ባለቤቴ «ምን አለ?» አለ። ሐኪሙ በጆሮው «ጤነኛ ናቸው! ጠመኔ ነው!» ብሎ ጮኸለት። ሰውዬው ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ልጅ አለቀሰ። እኔ የማላለቅሰው እኔ፣ ተከተልኩት።

ለምን ቀኝ ብቻ ሆነ ትዪ ይሆናል። እኔም ጠይቄያለሁ። ከመታመሜ በፊት በቀኝ እጄ ወደ ግራ ነበር የምከተው። ክንዴ ሲቆለፍ በግራ እጄ ወደ ቀኝ መክተት ለመድሁ፤ ትከሻዬ ድኖም ልማዱ አልተወኝም። እኔ ደግሞ ላም ባልዋለበት ኩበት ስለቅም፣ ምስኪን መርፌ ላይ ወንጀል ስጭን ከረምኩ! እሱ እንዲያውም ክንዴን ፈትቶ ራጅ እንድነሳ ያበቃኝ ነው። ሐኪሙ በየጊዜው ተመላለሺ ብሎኛል፣ በእናቴ ምክንያት። እመላለሳለሁ። እናቴንም በስሟ፣ በሽታዋንም በስሙ ነግሬዋለሁ።

አሁን ወዳንቺ። ደብዳቤሽን ዛሬ ደግሜ አነበብኩት። «ሐኪም ፊት ተቀምጬ» ብለሻል። ለኔ ጥያቄ ብለሽ ብቻ ሐኪም ፊት አትቀመጪም፣ አውቅሻለሁ። ምን ሆነሽ ነው የሄድሽው? እሱስ አንቺን ምን አለሽ?

የአክስትሽ ልጅ፣ ጤነኛዋ


ግንቦት 3

እታለሜ፣

ተመስገን! ተመስገን! ተመስገን! ደብዳቤሽን ፖስታ ሳጥኑ ሥር ቆሜ ነው የከፈትኩት። «ምንም የለብኝም» የሚለውን ሳይ አከፋፋዩን ሰውዬ አቀፍኩት፤ ቦርሳው ተዘረገፈ፣ አብረን ለቀምን። ጠመኔውን እኔ መላኬን ሳስብ ደግሞ ላብ አጠመቀኝ። ስጦታ ብዬ ድንጋጤ ላክሁልሽ!

ያው አወቅሽብኝ። ጉልበቴ አብጦ ነው የሄድኩት። መቆም እምቢ ሲለኝ ሐኪሙ ወጋኝ። ስቴሮይድ ነው፣ ያንቺው። መድኃኒቱን እየሰበሰበ ሳለ ነው ያንቺን የጠየቅሁት። መልሱን ከነገረኝ በኋላ ብዕሩን አስቀመጠና «አንቺስ? ተነስተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ። አላውቅም። አርባ ስምንት ዓመቴ ነው፣ አክስቴ በዚህ በሽታ ሄዳለች፣ አንድ ቀን ተነስቼ አላውቅም። «እነሳለሁ፣ ግን መርፌው ከሰውነቴ ይውጣ» አልኩት። እሱም አየኝ። ያን ሁሉ ከነገረኝ በኋላ!

እታለም፣ አልስቅብሽ ስል ራሴ ላይ ደረሰ። ፈርቼ ነው። አንቺን ሂጂ እያልኩ እየጻፍኩ፣ እኔ የቀጠሮውን ወረቀት ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌ ወተት ባወጣሁ ቁጥር ፊቴን አዞርኩበት።

ጭራሮሽ


ግንቦት 24

ጭራሮ፣

ጤና ይስጥሽ፣ ልቡናም ይስጥሽ።

ባለቤቴ ይህን ደብዳቤ ልጻፍ ብሎ ነበር፣ ለሱ ስድብ አይሳካለትም ብዬ እኔው ይዣለሁ። አንቺ ውሸታም! አንቺ ፈሪ! እኔ ላይ የአክስትሽን ሻርፕ አውጥተሽ ስታነጥፊ፣ የራስሽን የት ደበቅሽው? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ሲናገሩሽ አልሰማ ካልሽ ይኸው ተጽፎልሻል።

ዚፕ አልፈልግም፣ ክር አልፈልግም። የምፈልገው የምርመራሽን ውጤት ነው። ጉልበትሽን የወጋው መርፌ ጡትሽን አያውቀውም። ሂጂ። ፈርተሽም ሂጂ። እኔ እየተንቀጠቀጥኩ ነው የሄድኩት፣ መሣሪያው ፈሪንም ያነሳል።

ብቻሽን እንደሆንሽ ስለማውቅ ነው ይህን የምጨምረው። የምትሄጂበትን ቀን ጻፊልኝ። ያን ቀን እኔና ባለቤቴ ሱቁን ዘግተን እንቀመጣለን። ደንበኛ ቢመጣ ይመለስ።

የአክስትሽ ልጅ


ነሐሴ 4

እታለሜ፣ ዓለሜ፣

ሱቅሽን የዘጋሽበት ቀን ደግ ይዋልብሽ፣ የመለስሻቸው ደንበኞችሽም ሁለት ሁለት ሆነው ይምጡ።

ሄድኩ። በጻፍኩልሽ ቀን ቁጭ ብዬ ስጠብቅ አሁን እታለምና ባሏ ተቀምጠዋል፣ እሱ «ምን?» ይላታል፣ እሷ ትቆጣዋለች እያልኩ ሳቄ መጣ። ለምታነሳኝ ሴትዮ ስለ ጉልበቴ መርፌ ነገርኳት፣ ጻፈችው፣ ችግር የለውም አለችኝ። ዱቄት? የለም። ሽቶ? የለም። ጠመኔ አልጠየቀችኝም፣ እኔ ግን «ጠመኔም የለም» አልኳት፤ ምን እንደመሰልኳት አላውቅም። ቀጥላ «ከቤተሰብ በጡት ካንሰር የታመመ አለ?» አለችኝ። «አክስቴ» አልኳት፣ «የአሳዳጊ እህቴ እናት።»

ከዚያ መጠበቅ መጣ። ያን ሰሞን የበላሁት አይታወቀኝም። መልሱ የመጣው ሥራ ላይ ነው። አንሶላ ወደ ማጠፊያው እያስገባሁ ሳለ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ጓንቴን በጥርሴ አውልቄ ከፈትኩት። አነበብኩት፣ ደገምኩት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ንጹሕ ነው ይላል። አንሶላውን ለቀቅሁት፤ መሣሪያው ጠቅልሎ ጠቅልሎ ተቆለፈ፣ ቀይ መብራቱ በራ፣ ቤቱ በሙሉ ቆመ። እኔ እርጥቡ ክምር ላይ ተዘርፍጬ እንደ ሕፃን አለቅሳለሁ።

አለቃዬ እየሮጠች መጣች። እጄን የበላኝ መስሏት ሁለቱንም ይዛ ጣቶቼን ትቆጥራለች። «ምን ሆንሽ? ምን ሆንሽ?» ትለኛለች። የነሱ ቋንቋ ጠፋኝ፣ ሁሉም ጠፋኝ። በኛው «ምንም አልሆንኩም!» አልኳት። «ምንም አልሆንኩም! ምንም!» እያልኩ አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ።

ጭራሮሽ